የአንድ የካቲት ንባብ

የካቲት እንደ ሌሎቹ ወሮች ሠላሳ ቀን ብቻ ናት የሚል ሰው ካለ ታሪካችንን ደህና አድርጎ አልተመለከተም። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የግራዚያኒ ጭፍጨፋ የካቲት 12 ቀን 1929። አብዮቱ የፈነዳው የካቲት 1966። ሕወሓት ልደቴ የምትለው የካቲት 11 ቀን 1967፣ «የገጠር መሬት ለሕዝብ» የታወጀው ደግሞ እዚያው ወር ላይ፣ በ25ኛው ቀን። ደራሲው በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ የቀረውም በየካቲት ነው፤ 1976 ዓ.ም.። ከጾሙ መግቢያ ጋር ይያያዝ ይሆን፣ እንጃ! ብቻ ይሄ ወር ሰዉን አርፎ አያስቀምጥም።

እናላችሁ፣ የ2017ቱ የካቲት ሲገባ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። ወሩን ሙሉ ከየካቲት ጋር ጉዳይ ያላቸውን መጻሕፍት ብቻ አነባለሁ፤ ሌላ አልነካም። የማነብበትንም ቦታ መረጥኩ። ካዛንቺስ ነው። በትክክል ለመናገር ከካዛንቺስ በተረፈው ጫፍ ላይ፣ በዑራኤል በኩል ባለች አንዲት ትንሽ ቡና ቤት። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ወደዚያ ሲደርስ አብዛኛው ካዛንቺስ ፈርሷል፤ ከነዋሪው ብዙው ወደ ገላን ጉራ ሄዷል። የአዝማሪዎቹ ፈንዲቃ እንኳን ከሰፈሩ ወጥቷል። እኔም ያደግሁበት መንደር በዶዘር ሲደለደል ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ታሪክ ማንበብ አልሆነልኝም። ሰው እንደዚህ ነው፤ ለቀስተኛ ከለቅሶ ቤት ራቅ ብሎ አያለቅስም።

የመጀመሪያው ሳምንት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበር። «ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)» ይላል ርዕሱ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1999 ዓ.ም. ያሳተመው ነው። ፊታውራሪ ዓድዋን ያዩት በልጅ ዓይናቸው ነው። ዕድሜያቸው ወደ አሥራ ሁለት ቢጠጋ ነው። ከዚያ ወደ ሩሲያ ሄዱ፣ የመድፍ ትምህርት ተማሩ፣ ተመልሰው መጡ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር ጻፉ (ታገደባቸው)፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፣ ጣልያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ጄኔቭ ላይ የመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ተከራከሩ፣ ከዚያ ደግሞ ተሰደዱ፤ እስከ ማዳጋስካር። ይሄ ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ! በዛሬ አነጋገር ሲቪያቸው ለሦስት ሰው ይበቃል።

የፊታውራሪን መጽሐፍ የምወድበት ምክንያት ማንንም አለመፍራቱ ነው። ሹማምንቱን ይናገራሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ይናገራሉ። ራሳቸውን ማሞገስም አይፈሩም፤ እሱን ደግሞ አንባቢ በፈገግታ ያልፈዋል። ዓድዋን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ ዓድዋን የምናውቃት በሐውልት፣ በፈረስና በጎራዴ ነው። የእሳቸው ዓድዋ የልጅ ዓድዋ ናት። ልጅ ደግሞ በጦር ሜዳ መሀል እንኳን የሚያየው ቅርቡን ነው፤ ዘመዱ የት እንዳለ፣ ማን እንደጠፋበት፣ ማን እንዳስጠጋው። ከዚያ በላይ ያለው የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራ ነው።

ሌላው የያዘኝ ነገር የመጽሐፉ ዕድሜ ነው። ፊታውራሪ ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1999። ሠላሳ ዓመት! በነዚያ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ያ ጽሑፍ የት ነበር? አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሳጥን ውስጥ። ቀይ ሽብር ሲመጣ፣ ፍተሻ ሲመጣ፣ መንግሥት ሲለወጥ፣ ቤት ሲቀየር አንድ ሰው «ይሄ አይጣልም» እያለ ይዞት ነበር ማለት ነው። የዚያ ሰው ውለታ ከጸሐፊው አያንስም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ሳምንት ከበደኝ። ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ ስለ አዲስ አበባው ጭፍጨፋ በእንግሊዝኛ የጻፈው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው። ታሪኩን ሁላችንም በየዓመቱ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ሲነገር እንሰማዋለን። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ ስምዖን አደፍርስ በመኪናው አሸሻቸው፤ ጣልያን ከተማዋ ላይ ተለቀቀ። የፋሺስት ፓርቲው ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ለሦስት ቀን እንደልባችሁ ሁኑ ብሎ ጥቁር ሸሚዞቹን ለቀቃቸው። ጎጆው ሁሉ በቤንዚን ተቃጠለ፣ ሰው እውስጡ እያለ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በእሳት ተለኮሰ።

ይሄን ማወቅ ሌላ፣ ገጽ በገጽ ማንበብ ሌላ። በቀን ከሃያ ገጽ በላይ መሄድ አልቻልኩም። አስተናጋጇ ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬም ይሄን መጽሐፍ ነው የያዙት?» አለችኝ፤ ፊቴን አይታ መሰለኝ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ቁጥሩ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30 ሺ ነው። ካምቤል የዓይን ምስክሮችን አሰባስቦ፣ ሰነድ አገላብጦ የደረሰበት ወደ 19 ሺ ይጠጋል። ልዩነቱ ለታሪክ ተመራማሪ የስሌት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለኔ ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል አሥራ አንድ ሺ ያህል ሰው ቆሞ ይታየኛል፤ ይሙት አይሙት እንኳን ያልተወሰነለት ሰው። ስም የለውም፣ የአባት ስም የለውም፣ ቤቱ የት እንደነበር አይታወቅም። ጎጆው ተቃጥሏልና ማን ይናገርለት? ቦምብ የወረወሩትን እናውቃቸዋለን፤ የቆሰለውን ግራዚያኒን እናውቀዋለን። በመሀል ያለው ሕዝብ በግምት ነው የሚታወቀው።

ካዛንቺስም የምትመጣው እዚህ ላይ ነው።

ጣልያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ የንጉሠ ነገሥት ግዛቱ ዋና ከተማ ሊያደርጋት አሰበ። ሌ ኮርቡዚዬ የሚባለው ዝነኛ አርክቴክት እንኳን እ.ኤ.አ. በ1936 ለሙሶሊኒ ንድፍ ልኮ «እኔን ቅጠሩኝ» ብሎ ደጅ ጠንቶ ነበር። (ይሄን ያህል ትልቅ ሰው ይሄን ያህል ትንሽ ሥራ! ግን እንለፈው።) ሥራው የተሰጠው ለጊዲና ለቫሌ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ነጩ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው። ለአገሬው ሰው ገበያው ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ «መርካቶ» ብለን እስከ ዛሬ የምንጠራው ነው። ለጣልያን ሹማምንትና ለመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ቤት ተሠራ። ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመ አንድ መሥሪያ ቤት ነበራቸው፤ ሥራው ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት መሥራት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ረጅም ስለነበር በመጀመሪያ ፊደሎቹ አሳጥረው «ኢንቺስ» ይሉታል። «ካዘ» ቤቶች ማለት ነው። ካዘ ኢንቺስ። የኢንቺስ ቤቶች።

ይኸው ነው ካዛንቺስ። የቅዱስ ስም አይደለም፣ የጀግና ስም አይደለም፣ የወንዝ ስም አይደለም። የአንድ መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል ነው። ዛሬ አንድ መንደር ተነስቶ «ቤቶች ኤጀንሲ» ተብሎ እንደመጠራት ማለት ነው። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ። ግዛቱ ፈረሰ፣ ፋሺዝሙ ፈረሰ። ምህጻረ ቃሉ ግን እኛ አፍ ውስጥ ገብቶ ካዛንቺስ፣ ካሳንቺስ፣ ካዛንችስ እየተባለ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረ። በየሱቁ ማስታወቂያ ላይ የነበረው አጻጻፍ ራሱ ከአንድ ቤት አንድ ቤት ይለያይ ነበር። ማንም ትርጉሙን ስላልጠየቀ ማንም አላረመውም። እንዲያውም የሰፈሩ ልጅ ስሙን በኩራት ነው የሚጠራው፤ «የካዛንቺስ ልጅ ነኝ» ሲል ሌላ ነገር ማለቱ ነው እንጂ ጣልያንን አስቦት አያውቅም።

ነገሩን ካነሳን አይቀር፣ የቂርቆስ ክፍለ ከተማን በስም ብቻ ለመዞር ፓስፖርት ሳያስፈልግ አይቀርም። ለገሃር የሚለው ቃል ፈረንሳይኛ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት። ካዛንቺስ ጣልያንኛ። ቡልጋሪያ፣ ኦሎምፒያ፣ መስቀል ፍላወር። እዚያው ጫፍ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ አለ፤ እሱ እንኳን የሚገባው ስም ነው፣ ሜክሲኮ የጣልያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረችና። የክፍለ ከተማው ስም ራሱ የመጣው በእናቱ እቅፍ እያለ ሰማዕት ከሆነው ሕፃን ከቅዱስ ቂርቆስ ነው፤ ሰፈርተኛው ደግሞ ጨርቆስ ይለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ተሳፍረው አገር ለቀው የወጡት ከዚችው ከለገሃር ነው። በሦስተኛው ቀን ባዶሊዮ ገባ። በመሀል ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሻገርኩ፤ «ካየሁት ከማስታውሰው»። ራስ እምሩ ከየካቲት ጋር ምን አገናኛቸው የሚል ካለ መልሱ ሽሬ ነው። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ የጣልያንን ታንክ ያስቆመው የእሳቸው ጦር ነበር። በየካቲት ግን ነገሩ ተገለበጠ። በወሩ መጀመሪያ አምባ አራዶም ላይ የራስ ሙሉጌታ ጦር ተሰበረ። ከየካቲት 21 እስከ 23 ደግሞ ተራው የሽሬ ሆነ። ቀኑን አስተውሉት። የካቲት 23 ቀን 1928! ዓድዋ ድል በሆነች ልክ በአርባ ዓመቷ፣ እዚያው ትግራይ ውስጥ፣ ጣልያን በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ተመልሶ መጣ። አርባ ዓመት ማለት የዓድዋ ሕፃን የሽሬ አባወራ የሚሆንበት ጊዜ ነው። የአባቱን ድል እየሰማ ያደገ ሰው በአባቱ መሣሪያ ሊዋጋ ሄደ።

ራስ እምሩ በምዕራብ በኩል ከጥቁር አንበሳ ልጆች ጋር ጥቂት ታግለው በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ላይ ተያዙ። ወደ ጣልያን ተወሰዱና ፖንዛ የምትባል ደሴት ላይ ታሰሩ። ታሪክ አንዳንዴ ቀልድ ያውቃል። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር በመጀመሪያ ከወሰዱት ቦታዎች አንዷ ይቺው ፖንዛ ነች፤ ያስገቡትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ብዕር እዚህ ቦታ ቢደርስ ኖሮ ሦስት ገጽ ይስቅበት ነበር። የራስ እምሩ አጻጻፍ ግን ቁጥብ ነው፤ አይፎክርም። እኔ ቁጥቡን ነው የምመርጠው፤ ምንም እንኳን ለአንባቢ ያኛው ቢጣፍጥም። እሳቸውም ያረፉት በ1972 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ የወጣው በ2002። ደግሞ ሠላሳ ዓመት። ደግሞ ሳጥን።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ላይ «የአክሊሉ ማስታወሻ»ን ጨመርኩ። ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሥልጣናቸውን የለቀቁት በየካቲት 1966 ነው፤ የታክሲ ነጂው፣ የመምህሩ፣ የወታደሩ አድማ ተደራርቦ መጥቶ። ማስታወሻውን የጻፉት በእስር ሆነው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከሌሎቹ ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። የሚያስገርመው በዚያ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የሚጽፈው ስለ ራሱ ነፍስ አይደለም። ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ ነው፣ ስለ ኤርትራ ጉዳይ ነው፣ ስለ ውል ነው፣ ስለ አንቀጽ ነው። እስከ መጨረሻው ዲፕሎማት። አፍሪካ አዳራሽን ከቡና ቤቴ ተነስቼ በእግሬ እሄድባታለሁ። ያኔ በግንቦት 1955 የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን ቻርተር ሲፈርሙ አክሊሉ ከባለቤቶቹ አንዱ ነበሩ። አዳራሹን የነደፈው ደግሞ አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ ጣልያናዊ! ካዛንቺስን ለነጭ ብቻ ብለው ከሠሩ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ከዚያው ሰፈር ጎን፣ ጣልያናዊ አርክቴክት ለአፍሪካውያን ነፃነት አዳራሽ ሠራ። አፈወርቅ ተክሌ መስታወቱን ሣለበት። ይሄን ሳስብ ለጥቂት ደቂቃ መጽሐፌን አጥፌ ተቀመጥኩ።

ስለ በዓሉ ግርማ ብዙ አልልም፤ ብዙ ተብሏል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ወዲያው ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራ ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ጠፋ። መኪናው ቃሊቲ መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። በ2017 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ ሲባል ደስ አለኝ፤ ለልብ ወለድም ቢሆን አርባ ዓመት መቆየት የኛ ዕጣ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እንደ ድሮው ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የጨረስኩት።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ቁጭ ብዬ ያነበብኩትን ቆጠርኩ። ፊታውራሪ፣ ራስ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የታወቀ ደራሲ፣ አንድ ፈረንጅ። ሁሉም ጥሩ መጻሕፍት ናቸው፤ ለማንም አንብቡ ብዬ እሰጣለሁ። ነገር ግን አምስቱም ውስጥ አንድ ሰው የለም፤ ጎረቤት። ሹሙ ጉዞ ሲሄድ ስንቁን ያዘጋጀችው ሴት የለችም። ባቡሩ ከለገሃር ሲነሳ የባቡር ሐዲዱን ያደሰው የጨርቆስ ሠራተኛ የለም። ጣልያን ከሄደ በኋላ የኢንቺስ ቤቶች ውስጥ ማን ገባ? በጓሮው በኩል ጭቃ ቤት ቀጥሎ የተከራየው ማን ነው? ከጉራጌ መጥቶ ሱቅ የከፈተው፣ ከመንዝ መጥታ ጠላ የጠመቀችው፣ ከኤርትራ መጥቶ ጋራዥ የሠራው? ታላላቆቹ ጽፈዋል፤ ይሁን፣ ለመጻፍ ጊዜና ፊደል ነበራቸው። ካዛንቺስ ግን አልጻፈችም። በውጭ አገር ቢሮ መዝገብ በምህጻረ ቃል ገባች፣ በተነሺዎች ዝርዝር በቤት ቁጥር ወጣች። በመሀል ያለው ሰማንያ ዓመት በየሰዉ አፍ ነው ያለው።

ይሄን ለእድራችን ጸሐፊ ስነግራቸው ሳቁ። ሰባ አምስት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። «ማን አልጻፈም አለህ ልጄ?» ብለው ወደ ውስጥ ገቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ያው እሳቸውም ከካዛንቺስ ተነስተው ልጃቸው ጋ ነው ያሉት፤ ግማሹ ዕቃ ገና ከካርቶን አልወጣም። ጨርቁ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ባለ ጥቁር ሽፋን መዝገቦች ነበሩ። የእድሩ መዝገብ። «አንብበህ መልስልኝ፤ ቡና እንዳታፈስበት» አሉኝ።

እድር እንዲህ በከተማ የተስፋፋው በጣልያን ዘመን ነው ይላሉ ብዙ አጥኚዎች። ሰው በያለበት ሲገደልና አስከሬን የሚያነሳ ሲጠፋ፣ ከገጠር የመጣውም ዘመድ አዝማድ ሲርቀው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ቀባሪ ሆነ። እንዲህ ከሆነ ካዛንቺስ የሚለው ስምና እድሩ መንትያ ናቸው ማለት ነው፤ አንደኛውን ጣልያን ሠራው፣ ሁለተኛውን ጣልያንን ለመሸከም እኛ ሠራነው።

የኛ እድር ከዚያ በኋላ የተቋቋመ ነው። የመጀመሪያው መዝገብ ጽሕፈት የቄስ ትምህርት ቤት እጅ ነው፤ ቁም ጽሕፈት፣ ቀይ ቀለም ያለበት። መተዳደሪያ ደንቡ ይቀድማል። ወርኃዊ መዋጮው፣ ከቀብር የቀረ የሚቀጣው፣ ድንኳን በመትከል ያልረዳ የሚቀጣው፣ ጡሩምባ ነፊው የሚከፈለው። ከዚያ ስም። ከስሙ ጎን የሚስት ስም፣ የልጆች ስም፣ ሥራ። የባቡር ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ የቤተ መንግሥት ዘበኛ፣ ሹፌር፣ ወይዘሮ እገሌ ብቻ። መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ። የካዛንቺስ ታሪክ ያለው እዚያ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 1967 ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ማስታወሻ ይበዛል። ሐምሌ 19 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበት ቀን ነው። ወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። በመዝገቡ ላይ «ባለቤት» ይሉ የነበሩት «ተከራይ» ይሆናሉ፤ ጸሐፊው አንዷን ቃል ሰርዞ ሌላዋን ከላይ ደርቧል። አከራይና ተከራይ አንድ እድር ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ አንድ እድር ውስጥ ቀጠሉ። ማን ምን ተሰማው? መዝገቡ አይልም። መዋጮ ግን ሁለቱም ከፍለዋል፤ አንድም ወር አላቋረጡም።

1969 እና 70 ላይ ደግሞ ዝምታ ነው። ያን ጊዜ በቀይ ሽብር የሞተ ሰው አይለቀስለትም ነበር። የልጅ ስም ከአባቱ ጎን በስስ መስመር ተሰርዟል፤ ምርመራው ባዶ ነው። በእድር ደንብ ሰው ሲሞት ቀኑ ይጻፋል፣ የተከፈለው ገንዘብ ይጻፋል፣ የተቀበረበት ደብር ይጻፋል። እዚህ ምንም የለም። እነዚያን መስመሮች በጣቴ እየተከተልኩ ስሄድ ሁለቱን ልጆች አስታወስኳቸው፤ አንደኛው ብስክሌት ያስተማረኝ ነው። ስለዚያ ዘመን ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ። እንደዚያ ባዶ ዓምድ የከበደኝ የለም።

2012 ላይ የኮሮና ወራት አለ፤ ድንኳን ሳይተከል፣ ጥቂት ሰው ቆሞ የተቀበሩት። ቀጥሎ ጽሕፈቱ ይለወጣል፤ የአሁኑ ጸሐፊ በእስክሪብቶ፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ። በ2017 መጀመሪያ ያለው ቃለ ጉባኤ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ወዴት ይሂድ? አንዳንዱ «ይሸጥና ገንዘቡ ይከፋፈል» ብሏል፤ አንዳንዱ «ገላን ጉራ የሚሄደው ይበዛል፣ እዚያ ይወሰድ» ብሏል። ክርክሩ ሁለት እሑድ ፈጅቷል። በመጨረሻ ዕቃው ከብዙኃኑ ጋር እንዲሄድ ተወሰነ፤ መዝገቡ ጸሐፊው ዘንድ እንዲቆይ፣ በተለያየ ቦታ የደረሰውም ሰው አባልነቱ እንዳይሰረዝ። በገጹ ቀኝ በኩል በማስመሪያ የተሰመረ አዲስ ዓምድ ተጨምሯል። «አዲስ አድራሻ» ይላል። ለአንዳንዱ የሕንፃ ቁጥር ተሞልቷል፣ ለአንዳንዱ ስልክ ቁጥር ብቻ፣ ለጥቂቱ ደግሞ ምንም። ጸሐፊው ማታ ማታ ከራት በኋላ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ባዶ የሆኑትን እየደወሉ ያፈላልጋሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጠቁማቸዋል።

መዝገቦቹን ለሁለት ሳምንት ላቆያቸው አስቤ ነበር። አንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ የመጀመሪያውን ደንብ በእጄ ገለበጥኩ፣ የካቲትም አለቀች። መጋቢት በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጸሐፊው ደወሉልኝ።

«አንብበህ ጨረስክ?»

«ሦስተኛው ይቀረኛል ጋሼ።»

«በቃ ሦስተኛውን ዛሬውኑ አምጣልኝ። ገላን ጉራ አንድ ሰው አርፎብናል፤ መጻፍ አለብኝ።»